አርባ ምንጭ፦ በቡታጅራ ወይስ በሞጆ?

ቤተሰብ ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ሰው ሁለት መንገድ አለለት። አንዱ በሜክሲኮ፣ በሳር ቤትና በጀሞ ወጥቶ ዓለም ገናን፣ ቡታጅራን፣ ወራቤንና ሆሳዕናን እያለፈ ሶዶ ይገባል። ሌላው ከመስቀል አደባባይ በቃሊቲ ወርዶ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ይይዝና በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በሃላባ ዞሮ እዚያው ሶዶ ይደርሳል። ከሶዶ ወዲያ ምርጫ የለም፤ ሁለቱም በሁምቦና በምዕራብ ዓባያ አንድ ሆነው ይወርዳሉ። በቡታጅራ 445 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሻሸመኔ ወደ 500 ይጠጋል። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይህን አይቶ አጭሩን ይመርጥላችኋል። እኔ ግን ስሌቱ ከኪሎ ሜትር መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። ከፀሐይ ነው መጀመር ያለበት።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በክረምትም በበጋም የቀኑ ርዝመት ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ፀሐይ ንጋት ላይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ ማታም 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ጨለማው ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ከከተማ ውጭ የመንገድ መብራት የለም። አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ አለ፣ ከግጦሽ የዘገየች ላም አለች፣ ጎማው ፈንድቶ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ተሳቢ አለ። ተሳቢው የቆመበትን ለማሳወቅ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል፤ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም ብዙ ጊዜ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ 30 ሜትር ያልፋል፤ መኪናው እስኪቆም ደግሞ ሌላ 35 ወይም 40 ሜትር ይፈልጋል። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያለውን ነው። ከፊት መኪና እየመጣ ረጅሙን ማብራት በማይቻልበት ሰዓት በ80 የሚነዳ ሰው ማቆም ከሚችልበት ርቀት ያነሰ እያየ ነው የሚነዳው። ልጆች ከኋላ ተኝተው እንዲህ መሄድ የለብንም።

ስለዚህ ቤተሰብ የያዘ መኪና ከ11 ሰዓት በፊት ወይም 11 ሰዓት አካባቢ መግባት አለበት። የቀረችው አንድ ሰዓት ጎማ ለመቀየር፣ ለታመመ ልጅ፣ ለተዘጋ መንገድ የተቀመጠች ናት። ከዚያች ሰዓት ወደ ኋላ እንቁጠር።

በቡታጅራ፦ ሌሊት 11 ሰዓት ከሜክሲኮ የተነሳ ሰው 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ቡታጅራ የሚደርሰው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ቁርስ 45 ደቂቃ። ከዚያ ሆሳዕና 100 ኪሎ ሜትር፤ 5 ሰዓት ላይ መድረስ ይቻላል። ሃያ ደቂቃ ዕረፍት ተደርጎ ሶዶ 7 ሰዓት ከ20። ለምሳ አንድ ሰዓት። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ብትሆንም አስፋልቱ በየቦታው የተጎዳ ስለሆነ ሦስት ሰዓት መያዝ ነው፤ 11 ሰዓት ከ20 አርባ ምንጭ።

በሞጆ፦ በዚያው ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ 11 ሰዓት ከ40፣ ሞጆ 12 ሰዓት ከ20፣ ባቱ 1 ሰዓት ከ25። ቁርስ እዚያው። ሻሸመኔ 4 ሰዓት አለፍ ሲል። ሃያ ደቂቃ ዕረፍት። በሃላባ አድርጎ ሶዶ 7 ሰዓት ተኩል። ምሳ አንድ ሰዓት። አርባ ምንጭ 11 ሰዓት ተኩል።

ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ነው። የ55 ኪሎ ሜትሩን ብልጫ የፍጥነት መንገዱ በልቶታል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ–አዳማ መንገድና ከሞጆ ወደ ባቱ የተገነጠለው ክፍል ጋሪም፣ ባጃጅም፣ ከብትም፣ እግረኛም የማይገባባቸው ስለሆኑ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቆራረጥ ይኬድባቸዋል። ከባቱ ወዲያ ያለው ቀሪ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር ሚዛኑ ወደ ሞጆ ያደላል። እስከዚያ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። መንገድ መምረጥ የሚጀመረውም ሰዓቱ እኩል ከሆነ በኋላ ነው፤ ያኔ ጥያቄው «ቢበላሽብኝ የቱ ይሻላል? ቢመሽብኝ የት አድራለሁ? ልጆቹ የት ይሮጣሉ?» ይሆናል።

የቡታጅራው መንገድ ሕዝብ የሚኖርበት መንገድ ነው። ከዓለም ገና ጀምሮ እስከ ሶዶ ድረስ ከመኖሪያ የሚርቁበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እንሰትና ቤት፣ እንሰትና ቤት። ለመሄጃና ለመምጫ አንድ አንድ መስመር ብቻ ያለው ሲሆን በብዙ ቦታ ዳሩ ጠባብ በመሆኑ እግረኛው አስፋልቱ ላይ ይሄዳል። ተማሪው ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ላይ ነው፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ይወጣል። የገበያ ቀን ከሆነ በግ የሚነዳው፣ እንጨት የተሸከመችው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ሁሉ አንድ መስመር ይጋራል። በአማካይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የማይኬደው ለዚህ ነው፤ በጉልበት ማፍጠን የሚሞክር ሰው የሚያተርፈው ሃያ ደቂቃ ነው፣ የሚያስይዘው ግን የሰው ልጅ ነው። በሌላ በኩል ይህ መንገድ አይጥልም። ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ አረካ፣ ሶዶ፤ ጎሚስታውም ጋራዡም መድኃኒት ቤቱም ቅርብ ለቅርብ ነው። አብዛኛው 2,000 ሜትር ግድም ወይም ከዚያ በላይ ላይ ስለሚሄድ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሕፃን ለያዘ ሰውም፣ ማቀዝቀዣው ለደከመ መኪናም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለልጆችም የሚያዩት አለው። 50 ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ የአዋሽን ወንዝ የሚሻገርባት መልካ ቁንጥሬ አለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች የጥንት ሰው መኖሪያ ናት። 80 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ደግሞ የጢያ ትክል ድንጋዮች፤ እነዚህ የተመዘገቡት ቀደም ብሎ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥራቸው 36 ነው፤ አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። ጢያ ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ነገር ግን በዚያው ቀን አርባ ምንጭ ለመግባት ካሰባችሁ ያቺን ግማሽ ሰዓት ከመጠባበቂያዋ ላይ እየቀነሳችኋት እንደሆነ እወቁ። ጢያን ለመመለሻው ማቆየት ይሻላል፤ ያኔ ቤት ቅርብ ነው።

የሞጆው መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። መጀመሪያው ፈጣን፣ መሐሉ የተጨናነቀ፣ መጨረሻው ዘገምተኛ። ፈጣኑ ክፍል ላይ የሚያሰጋው ጎማ ነው። በከተማ ውስጥ በ40 ሲሄድ የከረመ፣ ንፋሱ የጎደለ ጎማ በ100 አንድ ሰዓት ሲሽከረከር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ክሩ ይላቀቃል። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ያሉት 90 ኪሎ ሜትሮች በአዳሚ ቱሉ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ የሚያልፈው ነባር መንገድ ናቸው። የሐዋሳውም፣ የዲላውም፣ የሞያሌውም ከባድ መኪና እዚያ ይገናኛል። ከፍጥነት መንገድ የወጣ ሾፌር ዓይኑና እግሩ 100 ስለለመዱ 60 እየነዳ የቆመ ይመስለዋል፤ አዳሚ ቱሉ ላይ አህያ ድንገት የሚገባበት ለዚህ ነው። ባቱ ላይ ቁርስ መብላት የሚጠቅመው ለሆድ ብቻ ሳይሆን ይህን ለመስበርም ነው፤ 45 ደቂቃ ቆሞ የተነሳ ሰው አዲስ ሆኖ ይነዳል።

በሞጆ በኩል ሐይቅ አለ። ባቱ ላይ ደምበል፣ ቀጥሎ ላንጋኖ፣ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ሐዋሳ። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላለው ቤተሰብ ፍርዴ ቁርጥ ነው፦ በሞጆ ሂዱ፣ ሐዋሳ እደሩ፣ በማግስቱ አርባ ምንጭ ግቡ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ምሳ ሳያልፍ ይደረሳል፣ ልጆቹ ከሰዓት በኋላውን ሐይቁ ዳር ይሮጣሉ፤ ማግስቱን ደግሞ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ መንዳት የለም። ስለ ውሃው ግን ጥብቅ ልሁን፤ በባቱና በሐዋሳ ሐይቆች ቢልሃርዝያ አለ፣ ልጆች እግራቸውን እንኳ ባይነክሩ ይመረጣል። ለመዋኘት ሰው የሚመርጠው ላንጋኖን ነው። ዓባያና ጫሞ አዞ ያለባቸው ናቸው፤ እዚያ ዳር መጠጋትም አያስፈልግም።

ልጆቹ ከፍ ካሉና ሁለት ሾፌር ካለ የአንድ ቀኑ ጉዞ በቡታጅራ ይሄዳል። አንድ ሾፌር ብቻ ከሆነ በሁለቱም መንገድ አንድ ቀን አይበቃም ብላችሁ ተነሱ። ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ የሚያሸንፍበት ሰዓት ነው፤ በሁለቱም ስሌት ያ ሰዓት የሚውለው ሶዶና አርባ ምንጭ መካከል፣ ሙቀቱ በጨመረበት ቆላ ላይ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ እንቅልፍን አይመልስም። ሃያ ደቂቃ ጥላ ስር ቆሞ መተኛት ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ተራ ቀን ሲሆን ነው። የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ መንገዱን ገልብጦ ሊመርጥላችሁ ይችላል። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት የጉራጌ ልጅ ሁሉ አገሩ ይገባል፤ የዓለም ገና–ቡታጅራ መንገድ በሚኒባስና በቤት መኪና ይሞላል፣ የሦስት ሰዓቱ መንገድ ስድስት ሊሆን ይችላል። እስከ መስከረም 17 ባሉት ቀናት በሞጆ ነው መሄድ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ይከበራል፤ በዚያ እሑድና በዋዜማው በሞጆ በኩል ያለው መንገድ ይዘጋል ወይም ይጨናነቃል፣ ያኔ ቡታጅራ ይሻላል። በሐዋሳ የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን አልጋ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ደውሎ መጠየቅ ነው። ረመዳን ከሆነ በሃላባና በወራቤ አካባቢ ምግብ ቤቱ ቀን ላይ ዝግ ሊሆን ስለሚችል የልጆች ምሳ ከቤት ተቋጥሮ ይያዝ።

ዝናቡም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አርባ ምንጭ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወርዳል፣ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ይመለሳል። «እዚህ በጋ ነው» ብሎ ሚያዝያ ላይ የሚወርድ ሰው ከሶዶ በታች ጎርፍ ሊገጥመው ይችላል። በዚያ መንገድ ላይ ከጋሞ ተራራ ወደ ዓባያ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች አሉ። ደጋው ላይ ዘንቦ እናንተ ያላችሁበት ቆላ ደረቅ ሆኖ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የሚፈስ ጎርፍ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ከተሽከርካሪው ጎማ ግማሽ በታች ቢመስልም አትግቡ፤ ሥሩ ያለው አስፋልት ተበልቶ እንደሆነ ከላይ አይታይም። አንድ ሁለት ሰዓት ቢጠበቅ ብዙውን ጊዜ ይጎድላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰላም ነው ወይ? ይህን ለአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም የምለው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ በዓባይ በረሃ ወደ ባሕር ዳር፣ በጣርማ በር ወደ ደሴ ሲኬድባቸው የኖሩ መንገዶች በካርታ ላይ ሳይለወጡ በተግባር ተለውጠዋል፤ ወደ ወለጋ የሚወስደውም እንዲሁ። ካርታ አስፋልቱን እንጂ የዕለቱን ሁኔታ አያውቅም። የሚያውቁት ትናንት ከዚያ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ ወይም አየር ጤና መናኸሪያ ወርዶ አንድ የረጅም መንገድ ሾፌር ወይም ረዳት መጠየቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ሰላም ነው» ተብሎ ያልቃል። ይልቅ «ትናንት ስንት ሰዓት ተነስታችሁ ስንት ሰዓት ገባችሁ? የት ቆማችሁ? ኬላው የት የት ነው? አስፋልቱ የተቆረጠው የት ላይ ነው?» በሉ። ሁለት ሾፌር የተለያየ ነገር ካለ ሦስተኛ ጠይቁ። መድረሻችሁ ላይ ዘመድ ወይም ሆቴል ካለ ደግሞ በሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት ሳይሆን ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ ያለው ያኔ ነው።

ከከተማ መውጣት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ወይም ከሜክሲኮ ለሚነሳ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት እና ጠዋት 1 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የጀሞና የዓለም ገና መስመርም፣ የቃሊቲና የአቃቂ መስመርም ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይቆለፋል። ሌሊት 11 ሰዓት ጨለማ ነው፣ አዎ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ሰዓት በከተማ መብራት ውስጥ ነው የምታልቀው። በሞጆ ከሆነ ቀጣዩ ክፍልም አጥር ያለው የፍጥነት መንገድ ነው። በቡታጅራ ከሆነ ግን ዓለም ገናን ያለፋችሁት ገና ሳይነጋ ከሆነ ቀስ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ነጭ ለብሷልና ይታያል፣ ሥራ የሚሄደው አይታይም። ዕቃ ከማታው ይጫን። ልጆቹ በለበሱት ልብስ ተኝተው ወደ መኪና ይወሰዱ። ከግቢ ሲወጡ የቀበቶው ነገር አይረሳ፤ ተኝቷል ተብሎ እናቱ ጭን ላይ ጋቢና የተቀመጠ ሕፃን በ50 ፍጥነት ግጭት በእጅ ሊያዝ አይችልም። ቦታው ኋላ ነው።

ሰነዱም ማታውኑ ይታይ፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ። ኬላ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ የተሳፋሪው መታወቂያም እንዲሁ።

ነዳጅ። 8 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር የሚበላ የቤት መኪና በቡታጅራ 36 ሊትር፣ በሻሸመኔ 40 ሊትር ይፈልጋል፤ 50 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሙሉ ሆኖ ከአዲስ አበባ ከወጣ አርባ ምንጭ ይገባል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከከተማ በራቁ ቁጥር ማደያው ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ሰልፍ ይኖረዋል፤ መብራት ከጠፋ ፓምፑ አይሠራም፣ ኔትወርክ ከጠፋ የስልክ ክፍያው አያልፍም። ስለዚህ ከግማሽ በታች አይውረድ። ሐዋሳ፣ ሆሳዕና ወይም ሶዶ ላይ ማደያው ነዳጅ ካለውና ሰልፉ አጭር ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ላይ ሆናችሁም ሙሉት። በመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። በጀሪካን ይዞ መሄድ ደግሞ ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ ፈጽሞ መሆን የለበትም፤ ቆላው ሲሞቅ ይነፋል፣ ይተናል፣ ትነቱ ራስ ያሳምማል፣ አንድ ብልጭታም ይበቃዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ሰልፍ ነፃ ነው፣ ግን የራሱ ስሌት አለው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መውረጃው ላይ ባትሪው ከጠበቃችሁት በላይ ይቆያል፤ ያ እንዳያታልላችሁ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ብክነቱ ሲጨመር ከሜዳ ላይ ጉዞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር እንደመቀነስ ነው። መመለሻው ላይ ያንን ቀንሱ። በ10 አምፔር ተራ ሶኬት ሌሊቱን ስምንት ሰዓት የተሰካ መኪና 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያገኛል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና ምርጫው በሞጆና በሐዋሳ መሄድ፣ ሐዋሳ ላይም ማደር ነው። ሆቴሉን ስትደውሉ «ቻርጅ አለ ወይ» ብቻ አትበሉ፤ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ እንዳለው ጠይቁ። ብዙ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት አይሠሩም፤ ያን ማታ 3 ሰዓት ላይ ማወቅ ከባድ ነው።

ከመኪናው ክፍል ጎማን አስቀድሙ። ጎማው ጎን ላይ DOT (ዶት) ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 3519 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ስድስት ዓመት ያለፈውና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለፍጥነት መንገድ አይሆንም። ንፋሱ የሚሞላው ጠዋት ጎማው ሳይግል፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ነው፤ ሙሉ ቤተሰብና ዕቃ ሲጫን ከፍ ያለውን ቁጥር ያዙ። ስኮርታው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ዓመት ሙሉ ሳይታይ ቆይቶ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ይሆናል። ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከዕቃው ሥር ሳይሆን ከላይ ይቀመጡ። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነውም በልክ ይሁን፤ የብዙ የቤት መኪና ጣሪያ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው የሚሸከመው፣ ከዚያ ካለፈ ኩርባ ላይ መኪናው ያዘነብላል፣ ፍሬኑም ይረዝማል።

ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ ያለበት መኪና ወደ ቆላ አይውረድ። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ሽቅብ ላይ ወዲያው ይገነፍላል። ሙቀት መለኪያው ከወጣ ቆማችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን አትንኩ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ ሸራውን ያግላል፣ ቆይቶም ፔዳሉ እየሰመጠ መኪናው አይይዝም። በሽቅቡ የምትወጡበት ማርሽ የቁልቁለቱም ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ከሆነም 2 ወይም ኤል ላይ ይደረግ።

ልጆችን የሚያስመልሳቸው ብዙ ጊዜ ስልክ ነው። ዓይን የቆመ ነገር ያያል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል ደግሞ ኩርባውን ይሰማል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ያቅለሸልሻል። ከወንበሮቹ መሐል አሻግሮ መንገዱን የሚያይ ልጅ ይሻለዋል። ጠዋት ወተት አይሰጥ፤ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ይበቃል፣ ሙሉ ቁርሱ ባቱ ወይም ቡታጅራ ይቆየው። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጠዋት ፀሐይ በግራ፣ ከሰዓት በኋላ በቀኝ ትመታለች፤ ሕፃኑን ጠዋት በቀኝ አስቀምጡት፣ ከምሳ በኋላ አዛውሩት። በየሁለት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ይውረዱ። አርባ ምንጭ ወባማ ስለሆነ አጎበርና የትንኝ ቅባት ከአዲስ አበባ ይያዝ። አደጋ ቢደርስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ እነዚህን ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለው ትልቅ ሰውም ስልኩ ላይ ይያዛቸው።

ለመመለሻው ሌላውን መንገድ መውሰድ ጥሩ ነው። በሞጆ የወረደ በቡታጅራ ይመለስ፤ ያልታየው ይታያል፣ ጢያም ያኔ ይደርሳታል። ከዚያ በላይ ግን እሑድ ማታ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጠራቀመው መኪና አለ፤ ከላንጋኖና ከቢሾፍቱ የሚመለሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይገባል። የሚቻል ከሆነ ሰኞ ወይም ቅዳሜ ተመለሱ፤ ካልሆነም ቅዳሜ ሶዶ ወይም ሆሳዕና እደሩና እሑድን ከዚያ ጀምሩት፣ ከ9 ሰዓት በፊትም ጀሞን እለፉ።

ስሌቱ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ጋቢና ይለጠፍ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩም በየቦታው ይጠፋል። የከተሞቹ ስም፣ በመሐላቸው ያለው ኪሎ ሜትር፣ የሚደረስበት ሰዓት፣ ከጎኑ ደግሞ «ከዚህ ካለፈ እዚህ ይታደር» የሚል ሰዓት። ቡታጅራ ከ4 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ሆሳዕና እደሩ። ሻሸመኔ ከ6 ሰዓት በኋላ ከሆነ ወደ ሐዋሳ ታጠፉ። ከሶዶ የምትነሱት 9 ሰዓት ካለፈ አትነሱ፤ አልጋ ያዙና ልጆቹን እራት አብሉ።